ገመና የማይሸፍን ቦርሳ

ከጥጥ ክር የገበያ ቦርሳ በኪሮሽ መሥራት የበጋ ሥራ ነው፤ ጥጥ እንደ ሱፍ እጅ አያሞቅም። ከመሐል ተነሥቶ እየዞሩ ታችኛውን ማስፋት፣ ከዚያም ዓይኑን ሰፋ አድርጎ ወደ ላይ መውጣት ነው። ማንገቻው ግን ጠበቅ ማለት አለበት፤ ጥጥ ሸክም ሲበዛበት ይለጠጣልና።

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በፓርላማ ሲጸድቅ ጎረቤቴ፣ «ጥቁሩ ፌስታል እኮ ገመና ሸፋኝ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይዞ የሚገባን ሰው ማንም አያውቅበትም። የእኔ ቦርሳ ግን በየቀዳዳው ያሳብቃል።

ታዲያ ኑሮው የሁላችንም ከሆነ የምንተፋፈረው ከማን ነው? ይህን ብዬ ተከራከርኳት፤ አልተረታችም። የጀመርኩላትን ቦርሳ ዓይኑን ጠበብ አድርጌዋለሁ።