«ምች ነው» ከማለታችን በፊት

አላህ (ሱ.ወ.) ከዋለልን ጸጋዎች መካከል ጤና ዋጋው የሚታወቀው ሲጓደል ነው። እኛ ወንድምና እህቶች ይህን በሚገባ የተረዳነው በ2011 እናታችን በስትሮክ በታመመች ጊዜ ነበር። ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሳነውም ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ በየቤቱ በከንቱ የሚያልፈው ሰዓት ስለሚያሳስበን ነው።

በአካባቢያችን የሰው አፍ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሻል። አንደበቱ ሲተሳሰር «ጂን ነክቶት ነው» ይባላል። «ይተኛ፣ ሲነጋ ይሻለዋል» የሚልም አይጠፋም። ከባድ ሕመም በጣርና በጩኸት የሚመጣ ስለሚመስለን ነው። ስትሮክ ግን ብዙ ጊዜ አያምም። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፣ የተጎዳው የአንጎል ክፍል የሚያዘው አካል በድንገት ይሰንፋል።

እናታችን ደሴ በሚገኘው ቤታችን ዐስርን ቆማ ሰገደች፤ ከዚያም ቡና ተፈላ። ቶናው ሲቀዳ ሲኒው ከቀኝ እጇ ወደቀ። «ምነው?» ስንላት ቃላቱ ተዘበራረቁባት፤ ውኃ ለማለት ምንጣፍ አለች። ራሴን አመመኝ አላለች፣ አልወደቀች። ፈገግ በይ ብንላት ከንፈሯ በግራ በኩል ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሁለት እጆቿን ስታነሳ ቀኙ ዝቅ አለ።

ጎረቤቶቻችን አዝነውልን ዳማ ከሴ ቀጥፈው መጡ። አንድ አባትም መጀመሪያ ሩቅያ ይቀራባት አሉ። ትልቋ እህታችን «አባባ፣ ሩቅያው መኪና ውስጥም ይቀራል፤ አብረውን ይሂዱ» አለቻቸው። እርሳቸውም እሺ ብለው እየቀሩ አብረውን ሄዱ። ቁርኣኑም አልቀረ፣ ሰዓቱም አልባከነ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምናን እንድንሻ ያስተማሩን አይደለምን?

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ደህና ሆና የታየችበትን የመጨረሻ ሰዓት ነበር። «ዐስርን ቆማ ሰግዳለች» አልነው። ጥያቄው ትልቅ ትርጉም አለው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ገደቡን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዝሞታል። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ለእናታችንም አልተገኘም። ሆኖም የደም ግፊቷና ስኳሯ ክትትል ተደረገለት፤ መዋጥ መቻሏም ተፈተሸ። በቶሎ መድረስ ለዚህም ይጠቅማል። ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ምልክት አለውና ሰዓቱን ማስታወስ አይቸግረውም።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር በድንገት ከታየ ወደ ሆስፒታል እንሩጥ። የአንድ ዓይን ድንገት መጨለም፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሚዛን መሳት፣ ከዚህ ቀደም ያልታየ ብርቱ ራስ ምታትም እንዲሁ ናቸው። በጥቂት ደቂቃ ቢተው እንኳ ሊከተል ለሚችል ከባድ ሕመም ማስጠንቀቂያ ነውና ቸል አይባልም። በሲቲ ስካን ሥር መድፈን ይሁን መድማት ሳይለይ አስፕሪን አንስጥ። መዋጥ መቻሉ ሳይረጋገጥም ዘምዘም ይሁን ማር በአፉ አንጨምር፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ማገገሙ የራሱ ትግል አለው። በሁለተኛው ሳምንት የእኛን ስም መጥራት ያቃታት እናታችን ፋቲሓን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀራች። ሁላችንም አለቀስን። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ በልጅነት የተሸመደደና ዘወትር የሚደጋገም ንግግር ተራው ንግግር በጠፋበት ጊዜ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። እኛም ከዚያው ተነሳን። በመድረሳ ሉሕ ላይ አንዷን ፊደል ደጋግመን እንደተማርን ሁሉ፣ አንድ ቃል በቀን ብዙ ጊዜ አስደጋገምናት። ለቀኝ እጇ ባቄላ ማስለቀም ያዝን። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጠን ይላል፤ ከዚያ ቢዘገይም አይቆምም። መሰላቸት የሚመጣው ያኔ ነው፤ የቤተሰብ ሶብርም የሚፈተነው ያኔ ነው።

ሶላትን በተመለከተ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒምራን ቢን ሑሰይን (ረ.ዐ.) መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥም ያልቻለ በጎኑ ሆኖ እንዲሰግድ አስተምረዋቸዋል። ታማሚውን ውዱእ እያስደረግን እናሰግደው እንጂ «አንተማ ተፈቅዶልሃል» ብለን ከሶላት አናርቀው።

ከሁሉ በፊት ግን መከላከል ይቀድማል። የስትሮክ ዋነኛ መንስኤ የደም ግፊት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። እናታችንም ራስ ምታቱ ስለተዋት ክኒኗን አቋርጣ ነበር። በረመዳን መድኃኒት የሚያቆሙ ወላጆችም ብዙ ናቸው። ሰዓቱን ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ማስማማት ይቻል እንደሆነ ረመዳን ሳይገባ ሐኪም ይጠየቅ። ካልተቻለም አላህ (ሱ.ወ.) ለታማሚ ማፍጠርን ፈቅዷል።

ዛሬ እናታችን በከዘራ ትሄዳለች፤ ስማችንንም ትጠራለች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጇ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ወጣቶች ሆይ! በዚህ ሳምንት ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ግፊታቸውን አስለኩ። አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሚያስታምሙት ሶብሩን ይስጥልን። አሚን።