አንድ መኖሪያ ብቻ ያላት ወፍ

እኛ የመተማ ዮሐንስ ሰዎች ሙቀት ምን እንደሆነ ነጋሪ አንሻም። በሚያዝያ ዙህር ሰግደን ስንወጣ ዓይናችን ጥላ ይፈልጋል። ሲብስብን መኪና ተሳፍረን ወደ ጎንደር እንወጣለን። ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ ደጋ የሚባል መሸሻ አለን። መሸሻ የሌለው ፍጡርስ?

በደቡብ ሀገራችን፣ በቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ጅራቷ ነጭ አለበት፤ እየበረረች ነፍሳት ትበላለች። የሳይንስ ሰዎች በ1942 (እ.ኤ.አ.) ሲመዘግቧት ስሟን ከሜጋ ወሰዱላት። ከዚያ ሌላ የምትታየው በነገሌ አቅራቢያ፣ በሊበን ሜዳ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም።

ክንፍ እያላት ለምን ርቃ አትሄድም? ተመራማሪዎች እንደሚሉት መኖሪያዋ ከዙሪያው ቆላ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለእርሷ ሙቀቱ ባሕር፣ ያ ነፋሻ መሬት ደሴት ነው። ዓለም በሞቀ ቁጥር ደሴቱ ይጠብባታል።

የእውነተኛ ደሴት ወፍ ታሪክም አለ። በሲሼልስ ከቅጠል ላይ ነፍሳት እየለቀመች የምትኖር ትንሽ የጫካ ዘማሪ ወፍ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ሁሉ በኩዛን ደሴት ብቻ ቀርታ ነበር። ቁጥሯ ከ30 አይበልጥም ነበር። ደሴቱን የሞላው ለንግድ የተተከለ ኮኮናት ነው። በ1968 የወፍ ተቆርቋሪዎች ደሴቱን ገዙ፤ ኮኮናቱ ተነሥቶ የአገሩ ዛፍ በቀለ፤ ወፏም ተራባች። በ1988 ከእነርሱ 29 ወፎች ወደ ሌላ ደሴት ተወሰዱ። ዛሬ በሺዎች ይቆጠራሉ፣ ሱብሃነላህ።

የቦረናዋን ግን ወዴት እንውሰዳት? ቀዝቃዛ አየር በሳጥን ተጭኖ አይሄድም። ተስፋዋ እዚያው አብረዋት ያሉት ሰዎች ናቸው። እነርሱም በራቸውን አልዘጉባትም፤ በቦረናዎች ጎጆ ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር ጭቃ ለጥፋ ትፈለፍላለች። ቤተሰቡ ከታች ይኖራል፣ እርሷ ከላይ ጫጩት ታሳድጋለች።

በኛም ከተማ በጣሪያ ሥር የጭቃ ጎጆ የሚሠሩ ዘመዶቿ አሉ። ወለሉ ቆሸሸ ብሎ መጥረጊያ ለማንሳት የሚቸኩል ካለ፣ ከሥር ካርቶን ያንጥፍ። ጫጩቶቹ እስኪበሩ የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ለወፏ ግን ያ ጥግ ቤቷ ነው።