መዶሻው የቆመባት ከተማ

ጎረቤቴ በራቸውን ሁለቴ ነው የሚቆልፉት። ቆልፈው እጀታውን ይነቀንቁና አምስት ስድስት እርምጃ ሄደው ይመለሳሉ፤ ደግመው ይነቀንቁታል። የመጀመሪያ ሰሞን የእርጅና ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ቁልፉ ቀጭ ሲል አይሰማቸውም። የመስሚያ መሣሪያ ለሁለቱም ጆሯቸው አላቸው፣ ግን እንግዳ ካልመጣ አያደርጉትም። ባትሪ ለመቆጠብ ነው ይላሉ። ጆሯቸውን የወሰደው የብረት መቀጥቀጫ መዶሻ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ቁጣ የለባቸውም። እንዲያውም ስለዚያ መዶሻ ሲያወሩ ስለ ሟች ወንድም የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

ያለሁት ሸፊልድ ነው፣ ሰሜን እንግሊዝ። ከተማዋ በሰባት ኮረብታ ላይ ተቆረቆረች ይባላል፤ የገበያ ከረጢት አንጠልጥዬ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤቴ ስወጣ የምቆጥረው ግን ከዚያ ይበልጣል። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ዳገቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን አንድ ደረተ ሰፊ የአውቶቡስ ሹፌር መልስ እየሰጠኝ «ይኸው ላቭ» አለኝ። ወንድ ለወንድ «ፍቅሬ» ሲባባል! ዘወር ብዬ ከኋላዬ ሴት እንዳለች አየሁ። ማንም የለም። አሁን እኔም ለምጄ ዳቦ ሻጩን «ላቭ» እለዋለሁ፤ የምፈራው አገር ቤት ስደውል እንዳያመልጠኝ ነው።

ሌላም የቋንቋ ነገር አለ። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፣ ለሁሉም «ዩ» ነው ተብለን ነው የተማርነው። የሸፊልድ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም እርስ በርሳቸው «ዚ» እና «ዛ» ይባባላሉ፤ የጥንቱ «አንተ» ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ ያለው። የአጎራባች ከተማ ሰዎች በአነጋገሩ እየቀለዱ ሸፊልዶችን «ዲ-ዳ» ይሏቸዋል። ለጎረቤቴ አማርኛም እንዲሁ ነው ብላቸው ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። «ፎርማንህን ‹አንተ› ትለዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አይባልም አልኩ። «እዚህም አይባልም ነበር» አሉና፣ በ15 ዓመታቸው አፋቸው አምልጧቸው አንድን አለቃ «አንተ» ብለው፣ ሰውየው ቀና ብሎ «ራስህን አንተ በል፣ እንዴት እንደሚጥምህ እናያለን» እንዳላቸው አጫወቱኝ። አባቴም ቢሆን ሌላ አይመልስም ነበር።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው፣ በታኅሣሥ 1940፣ የጀርመን አውሮፕላኖች በሁለት ሌሊት ከተማዋን ደበደቧት። ስለዚያ ሌሊት የሚያስታውሱት የለም፤ የሚያስታውሱት ከዚያ በኋላ በፍርስራሹ መካከል ኳስ መጫወታቸውን ነው። ሽንት ቤቱ በጓሮ ነበር፣ ለብዙ ቤት የጋራ። ገላ የሚታጠቡት አርብ ማታ ምድጃ ፊት በሚቀመጥ የቆርቆሮ ገንዳ ነው፤ መጀመሪያ አባት፣ ከዚያ ልጆች በየተራ፣ በዚያው ውኃ። እሳቸው መጨረሻ ነበሩ። «ከገባሁበት ጠቁሬ ነው የምወጣው» ይላሉ።

ሥራ የገቡት በ1953 ትምህርት እንደጨረሱ፣ አተርክሊፍ በሚባለው በምሥራቁ የፋብሪካ ሰፈር ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቆቻቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ላኳቸው፤ «ሂድና ረጅም መቆሚያ ስጡኝ በል» ተብለው። ሄደው ጠየቁ። የግምጃ ቤቱ ሰው «እሺ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እሳቸው መስኮቱ ላይ ቆሙ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። በመጨረሻ ሰውየው ብቅ ብሎ «በቂ ረጅም ቆምክ ወይስ ይጨመርልህ?» አላቸው። የእንግሊዝ ፋብሪካ ተለማማጅ ሁሉ ይህን ጽዋ የጠጣ ይመስላል። ሌላው በባልዲ ፍንጣሪ እሳት አምጣ ይባላል።

ደመወዝ የሚከፈለው አርብ፣ በታሸገ ፖስታ ነው። ልጁ ፖስታውን አይከፍትም። እንደታሸገ ለእናቱ ይሰጣል፤ እናት ከፍታ ለኪሱ ትቆርጥለታለች። ለጎረቤቴ ሁለት ሺሊንግ ተኩል ይደርሳቸው ነበር። ያኔ ፓውንዱ 20 ሺሊንግ፣ ሺሊንጉ 12 ፔኒ ነው፤ ይህ ሒሳብ የተሻረው በ1971 ነው። እኔ ዛሬም እንዴት ይደምሩት እንደነበር አይገባኝም። እሳቸው ግን በጣታቸው ጠረጴዛ እየነኩ ከእኔ ስልክ ይፈጥናሉ።

አሁን ወደ መዶሻው። በእንፋሎት ተነሥቶ የጋለ ብረት ላይ ይወርዳል። ሲወርድ ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ የመደርደሪያው ሲኒ እርስ በርሱ ይጋጫል። ቀንም ሌሊትም ነው። ጆሮ የሚሸፍን አልነበረም፤ ጥጥ የሚወትፍ ቢገኝ ይሳቅበታል። ሥራ ላይ የሚነጋገሩት በከንፈር ነው፣ ድምፅ ሳያወጡ አፍን አጉልቶ በማንቀሳቀስ። ዛሬም የመስሚያ መሣሪያው ሳይኖር ፊቴን እያዩ የምለውን ያውቁታል። በበጋ ለሁለት ሳምንት ፋብሪካዎቹ ተዘግተው ከተማው በባቡር ተጭኖ ወደ ባሕር፣ ወደ ክሊቶርፕስና ወደ ብሪድሊንግተን ይሄድ ነበር። በዚያ ሁለት ሳምንት ግን እናታቸው እንቅልፍ ያጡ ነበር፤ ባሕር ዳር ተኝተው፣ የሚደበደብ ነገር ስለሌለ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የእኛ ሰፈር ወፍጮ መብራት ሲጠፋ ቀጥ ሲል፣ ሁላችን በአንድ ጊዜ ቀና እንል ነበር።

የፋብሪካዎቹን ጭስ በተመለከተ እኔና እሳቸው አንስማማም። እናቶች ልብስ ከማስጣታቸው በፊት የነፋሱን አቅጣጫ ያዩ ነበር፤ ነጭ አንሶላ በጥቀርሻ ነጠብጣብ ተሞልቶ ይወርዳል። የንጹሕ አየር ሕግ የወጣው በ1956፣ ለንደንን ከሸፈነው ገዳይ ጭጋግ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሸፊልድ ሰፈር በሰፈር እያጸዳች እስከ 1972 ድረስ ሄደችበት። ጎረቤቴ «ጭስ ካለ ሥራ አለ» ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ የእናታቸውን ሳል ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ትዝታ ጥቀርሻውን አጥቦ ነው የሚያመጣው፤ ይህን አልነገርኳቸውም።

ባለቤታቸው ማንኪያ የሚወለውሉ ሠራተኛ ነበሩ። ሴቶቹ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ቡናማ ወረቀት በሲባጎ ሰውነታቸው ላይ ያስሩ ነበር፤ ራሳቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ። ማታ ወረቀቱን ቀደው ይጥሉና ከንፈር ቀብተው ዳንስ ቤት ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ የወጥ ቤት መሳቢያ ከፍተው አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰጡኝ። «በጀርባው እየው» አሉኝ። ጀርባው ላይ ፊቴ ሙሉ ሆኖ ታየኝ፣ አንዲት ጭረት የለችም። «የእሷ እጅ ነው።» እዚያው መሳቢያ ውስጥ እንደ ቅጠል የሳሳ አንድ ፔኒ አለ። የከተማዋ የመጨረሻ ትራም ጥቅምት 8 ቀን 1960 በዝናብ ሲያልፍ ሐዲዱ ላይ ያስቀመጡት ነው። (ከ34 ዓመት በኋላ ከተማዋ እንደገና ሐዲድ ዘርግታ ትራሙን መለሰችው። የነቀሉትን መልሶ መትከል የእኛ ብቻ አይደለም።)

እኔም ስለ ቢላችን ነገርኳቸው። እናቴ ሥጋ የምትከትፍበት፣ ሞረድ ስለበላው የሳሳ አሮጌ ቢላ ነበረን፤ ስለቱ ላይ ልጅ ሆኜ ፊደል በፊደል ያነበብኩት «ሸፊልድ» ይላል። የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። «ይዝግ ነበር?» አሉኝ። ይዝግ ነበር። «እንግዲያው የድሮው ብረት ነው» አሉ። የማይዝገውን ብረት የዚሁ ከተማ ልጅ ሃሪ ብሪርሊ ነው በ1913 የሠራው፤ በ12 ዓመቱ ትምህርት ያቆመ ሰው።

በጨዋታቸው ውስጥ አንድ ነገር ሳይነሣ ብዙ ወር ቆየ። ከሃምሳዎቹ ጀምሮ በብረት ፋብሪካዎቹ ምድጃዎች ፊት የመናውያን፣ ፓኪስታናውያንና የካሪቢያን ሰዎች ይሠሩ እንደነበር ከሌላ ቦታ ሰምቼ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «የመኖቹ ሙቀቱ ጋ ነበሩ» አሉ በመጨረሻ። «ማንም የማይፈልገው ቦታ። እኛ ረጅም መቆሚያ እየጠየቅን ስንስቅ እነሱ ጋ ሳቅ አልነበረም።» ከዚያ ተነሥተው ሻይ አፈሉ። ከተማዋ በ2007 ለተሰደደ መጠጊያ ነኝ ብላ በይፋ አውጃለች፤ በዚህ አገር ቀዳሚዋ እሷ ናት። በእሳቸው ወጣትነት ግን እንግዳ የሚፈለገው ለጉልበቱ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ጾም ሽሮ ይዤላቸው ገባሁ። ቀመሱ። ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ብርቱካናማ ወረቀት የተለጠፈበትን የሄንደርሰን ማጣፈጫ ጠርሙስ አነሡ፤ ሸፊልዶች ሥጋውም ድንቹም ላይ የሚያፈስሱት፣ ከኮምጣጤ፣ ከሮቃና ከቅርንፉድ የሚሠራ ጥቁር ፈሳሽ ነው። ሽሮዬ ላይ አዘነቡት። አላየሁም ለማለት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የሚያሳፍረው ነገር፣ ያልከፋ መሆኑ ነው።

የሠሩበት ፋብሪካ የለም። ሌላው ትልቁ የሃድፊልድስ ብረት ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ላይ ከ1990 ጀምሮ ሜዶውሆል የተባለ የገበያ አዳራሽ ቆሟል። እዚያ መሄድ አይወዱም። የሚወዱት ኬልሃም አይላንድ ያለውን ሙዚየም ነው፤ በግንቦት አንድ ቅዳሜ አብረን ሄድን። የሪቨር ዶን ሞተር እዚያ አለ። በ1905 የተሠራ፣ 12,000 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሦስት ፎቅ የሚያክል የእንፋሎት ሞተር ነው፤ እስከ 1978 ድረስ የጋለ ብረት ሲዳምጥ ኖሯል። በቀጠሮው ሰዓት ለጎብኚ ሊያስነሡት ነው። ልጆች የብረት አጥሩን ይዘው ተደረደሩ።

እንፋሎቱ ሲለቀቅ ጎረቤቴ ሁለቱን የመስሚያ መሣሪያ ከጆሯቸው አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ከዚያ አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሞተሩ ዞረ፣ ወለሉ ከጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በጭብጤ ውስጥ ሁለቱ መሣሪያዎች ገና ሙቅ ናቸው። እጄን ስለጨበጥኩባቸው ሲር ሲር እያሉ ማፏጨት ጀመሩ። አጠገቤ የቆመች ሴት ከየት እንደሚመጣ ፈልጋ ዞር ዞር አለች፤ እሳቸው ግን አልሰሙም።