የቤት ቁጥር፦ «አዲስ»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይህን አባባል ከማንም በላይ የሚያውቁት የኮቦል ፕሮግራመሮች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠነሰሰ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ባንኮችና የጡረታ ተቋማት በሜይንፍሬም ሒሳባቸውን ይሠሩበታል። የቋንቋው የመጀመሪያ ትምህርት ቀላል ነው፦ መደመር ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቫሪያብል መነሻ ዋጋ ይሰጠው። ያልተሰጠው ቦታ ባዶ ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ የነበረ ትርፍራፊ ሊቀመጥበት ይችላል።

ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ሌላ ነገር ሲገኝ ማሽኑ ሥራውን አቋርጦ ይቆማል። ይህ ደጉ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ ይጮኻል። ክፉው ዝም የሚለው ነው። የማይታወቀው ሁሉ በዜሮ ሲሞላ፣ ገንዘብ የሌለው ሰውና ሒሳቡ ገና ያልተመዘገበ ሰው አንድ ይሆናሉ። መነሻ ዋጋው አንዴ ብቻ ተሰጥቶ ፕሮግራሙ ደጋግሞ ሲጠራ ደግሞ የፊተኛው ደንበኛ ድምር በኋለኛው ላይ ይደመራል።

ነገሩ የማሽን ብቻ የሚመስለው ሰው በቂርቆስ ወረዳዎች የተሰጡ መታወቂያዎችን ይመልከት። የቤት ቁጥር በሚለው መስመር ላይ «አዲስ» የሚል ይገኛል። ቁጥር ላልወጣለት ቤት የተሰጠ መነሻ ዋጋ ነው። ቤቱ ያረጃል፣ ልጆች ተወልደው ይዳራሉ፣ «አዲስ» ግን አዲስ እንደሆነ ይኖራል። ጎረቤቱም «አዲስ» ነው፤ ከጎረቤቱ ቀጥሎ ያለውም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። ቤቱ የለም፤ ያልታደሰ መታወቂያ ግን አድራሻውን ይዞ ይዞራል። ይህም ትርፍራፊ ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። አሜሪካ የገቡ ብዙ ስደተኞች ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ነው። እናት «ለኅዳር ሚካኤል ማግስት» ትላለች፤ ቅጹ ግን ቀንና ወር ይፈልጋል። ጸሐፊው ይሞላዋል፣ ኮምፒውተሩ ያምነዋል፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት መግባትም ጡረታ መውጣትም የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ነው። ሰውየው እውነተኛውን ቀን ቢናገር እንኳ ማስረጃ አምጣ የሚባለው እሱ ነው። ግምቱን የጻፈው ግን ማስረጃ አልተጠየቀም።

አገሪቱ አሁን ፋይዳን ይዛ መዝገቧን ወደ ዲጂታል እያዛወረች ነው። ከወረቀት የመጣ ግምት ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ እውነት መስሎ ይጸናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ «የለም»፣ «አይታወቅም» እና «ገና አልተጠየቀም» ለየብቻ ቦታ ይኑራቸው፤ በግምት የተሞላው ግምት መሆኑ አብሮ ይጻፍ፤ ባለቤቱም ሲያርመው በር አይዘጋበት። «አይታወቅም» ብሎ መጻፍ ጸሐፊውን አያሳፍረውም። ያልታወቀውን እንደታወቀ አድርጎ መሙላት ግን ዕዳው የሚወድቀው በሌላ ሰው ላይ ነው።