እማዬ ጣት ላይ የነበረው ብርሃን

እኛ ሦስት ነን። በአንድ ዶርም አድረን፣ ከአንድ ሃንድአውት አጥንተን በኬሚስትሪ ተመርቀናል። ዛሬ አንዳችን መምህር፣ አንዳችን የቀለም ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንዳችን ደግሞ ከኬሚስትሪ ጋር ሰላምታ እንኳ በሌለው ቢሮ ውስጥ ነን።

መጋቢት 2013 ዓ.ም.፣ ኮሮና አዲስ አበባ ላይ በበረታበት ሰሞን፣ የአንዳችን እናት ታመሙ። ሁላችንም እማዬ ነው የምንላቸው። ያቺን እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት የምትይዝ የኦክስጅን መለኪያ ከሰው ተውሰን ሄድን። 94 አለች። ደስ አለን። እማዬ ግን ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቅቷቸው ነበር።

‹‹ማሽኑ ደህና ነዎት ይላል›› አልናቸው።

‹‹እንግዲያው እሱ ይተንፍስልኝ!›› አሉን።

በሁለተኛው ቀን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ደማቸው ሲመረመር ኦክስጅኑ እኛ ከተደሰትንበት ቁጥር በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ተመስገን ነው፣ ተረፉ። ያቺ መቆንጠጫ ግን ከሐሳባችን አልወጣችም።

ለመሆኑ ውስጧ ምን አለ? ሁለት ትንንሽ መብራቶች። አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ ላይ የሚያበራ ቀይ ነው፤ ይታያል። ሌላው ወደ 940 ናኖሜትር ይጠጋል፤ አይታይም። ኒር ኢንፍራሬድ ይሉታል፤ ከቀይ ቀጥሎ፣ ከዓይናችን አጥር ወዲያ ያለ ብርሃን ነው። ዊሊያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ አልፎ ባዶ በሚመስለው ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ጨምሮ አገኘው። እናንተም አሁኑኑ ሞክሩት፦ የቲቪ ሪሞት ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙሩና ተጫኑት። (አንዳንዱ ካሜራ ያጣራዋል፤ በሰልፊው በኩል ሞክሩ።)

ይህ ብርሃን ከሚታየው ብርሃን ይልቅ ሥጋ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን መብራቶች በተለያየ መጠን ይውጧቸዋል፤ ማሽኗ ልዩነቱን አስልታ ቁጥር ትናገራለች። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ ያመጣው ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ብርሃን ስናነብ ታዲያ ያላሰብነው ነገር ገጠመን፤ ወደ ድሮው ክፍላችን መለሰን። እንዲህ ያሉ መብራቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ውድ ፋብሪካ፣ ከፍተኛ ሙቀትና ከፍተኛ ጥራት ከሚጠይቁ እንደ ጋሊየም አርሰናይድ ካሉ ነገሮች ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ይህንኑ ብርሃን ከካርቦን ሞለኪውሎች ለማውጣት ይሞክራሉ። ኤሌክትሮን መስጠት የሚቀናውን ለጋሽ (ፔሪሊንን የመሰለ)፣ መቀበል ከሚወድ ተቀባይ (ቲሲኤንኪውን ከመሰለ) ጋር በአንድ ፈሳሽ ያሟሟሉ። ከዚያ ፈሳሹ ቀስ ብሎ እንዲተን ይተዉታል። ሁለቱ ተነባብረው አንድ ክሪስታል ይሆናሉ፤ ኮክሪስታል ይባላል።

ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ከለጋሹ ወደ ተቀባዩ ይሻገራል፤ ሲመለስ ብርሃን ይሰጣል። ለጋሹ ቸር፣ ተቀባዩም ጎታች በሆነ ቁጥር በመሀላቸው ያለው የኃይል ልዩነት ይጠባል፤ ብርሃኑም ከቀይ አልፎ ወደማይታየው ይሄዳል። ያ ብርሃን የለጋሹም የተቀባዩም አይደለም። የመገናኘታቸው ነው።

የመገናኘት ቀለም አዲስ ነገር አይደለም። ፍሪድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1844 ነጩን ሃይድሮኪኖንና ቢጫውን ቤንዞኪኖን አገናኝቶ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ክሪስታል አግኝቷል። ምክንያቱን ሮበርት መሊከን በ1950ዎቹ አስረዳ። ይህን ሁሉ ለፈተና ሸምድደነዋል፤ አንድም ቀን ግን በዓይናችን አላየነውም። የኛ ላቦራቶሪ ‹‹ኬሚካል አልቋል›› የሚባልበት ክፍል ነበር።

አንዋሽ፣ ኮክሪስታሉም የራሱ ጣጣ አለው። የኃይል ልዩነቱ በጠበበ ቁጥር ሞለኪውሉ ኃይሉን በመንቀጥቀጥ ያባክነዋል፤ ብርሃን መሆን የነበረበት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ገና ከምርምር ክፍል ወጥቶ ጣት ላይ ያልደረሰው። ክሪስታሉን ማብቀል ግን ሁለት ዱቄት፣ አንድ ብልቃጥና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። (ብርሃኑን የሚለካው መሣሪያ ውድ ነው፤ እሱንም አንክድም።)

እዚህ ላይ ስንደርስ እማዬ ትዝ አሉን። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አንድ የአሜሪካ ጥናት ወጥቶ ነበር። የጣት መለኪያው ከ92 እስከ 96 ያለባቸው ልኬቶች በደም ምርመራ ሲጣሩ፣ ኦክስጅኑ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ታካሚዎች 3.6 በመቶ፣ በጥቁር ታካሚዎች ግን 11.7 በመቶ ነበር። ብርሃን የሚውጠው ደም ብቻ አይደለማ! የቆዳችን ሜላኒንም ይውጣል።

የእማዬ ቁጥር የተሳሳተው በዚህ ነው ብለን አንምልም። የሚያስቆጨን ሌላ ነው። ብርሃን እንዴት እንደሚዋጥ አራት ዓመት የተማርን ሦስት ሰዎች አጠገባቸው ቆመን፣ ‹‹ይህች ማሽን በማን ጣት ተሞከረች?›› ብለን አልጠየቅንም። ያ ቁጥር የብርሃኑ ብቻ አይደለም፤ እንደ ኮክሪስታሉ ቀለም የመገናኘት ውጤት ነው፤ የብርሃኑና የቆዳው። አንዱን ወገን ብቻ የሚያውቅ ማሽን ግማሹን ነው የሚነግረን። ነገ ኮክሪስታሉ መብራት ሆኖ ቢመጣም ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ባለፈው እማዬን ልንጠይቅ ስንሄድ አዲስ መለኪያ ገዝተን ወሰድንላቸው። ጣታቸው ላይ አድርገን ቁጥሩን ስንጠብቅ ሳቁብን።

‹‹እሷን ተዉአትና መጀመሪያ እኔን ጠይቁኝ።››

ጠየቅናቸው። ደህና ናቸው።