ወንድሜ ተጋጣሚዬ አይደለም



ስለ ቴኒስ አውቃለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያደግኩት በጨርቅ ኳስ ነው፤ የሜዳ ቴኒስ ራኬት በእጄ ይዤ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ልጄ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «አባዬ፣ እስቲ ይህን ተመልከት፤ በአንተ ወጣትነት የተካሄደ ነው» አለኝ። እንዲሁ ለልጄ ብዬ ማየት የጀመርኩት ጨዋታ ለወራት ስሸሸው የነበረውን ጉዳይ አምጥቶ ፊቴ አቆመው።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2001 ለንደን ውስጥ፣ በታዋቂው የዊምብልደን ውድድር የተደረገ ነው። አሜሪካዊው ፒት ሳምፕራስ በዚያ የሣር ሜዳ ላይ በስምንት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ዋንጫ ወስዷል። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት በተከታታይ ያሸነፈው እርሱ ነው፤ በዊምብልደን 31 ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው የመጣው። ከመረቡ ማዶ የቆመው ሮጀር ፌደረር የሚባል የ19 ዓመት ስዊዘርላንዳዊ ነው። ልጁ ሴንተር ኮርት በተባለው ዋናው ሜዳ ላይ ሲጫወት የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። አምስት ዙር ተጋጠሙ። ሁለት ሁለት ከሆኑ በኋላ የመጨረሻውን ዙር ልጁ 7 ለ 5 አሸነፈና በጉልበቱ ወደቀ። ሻምፒዮኑ ወደ መረቡ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ሳምፕራስ ከዚያ ወዲያ በዊምብልደን ዋንጫ አላነሣም።

ሳምፕራስ እ.ኤ.አ. በ1971 የተወለደ፣ በዕድሜ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሰው ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ ልጄ ለአሸናፊው ሲያጨበጭብ የእኔ ዓይን ከተሸናፊው ላይ አልነሣ ያለው።

ጉዳዬን ልንገራችሁ። በማገለግልበት አጥቢያ አንድ ወጣት ወንድም አለ። ከልጆች ክፍል ጀምሮ የማውቀው፣ በውኃ ያጠመቅኩት እኔው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እሁድ መድረክ ሰጠሁት። ስለ ጠፋው ልጅ ሰበከ፤ ቃሉ ቀላል ነበር፤ ጉባኤው ግን አለቀሰ። ከአምልኮው በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ስብከቴን የሰሙ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ፓስተር፣ ዛሬስ ጌታ ጎበኘን! እንዲህ ያለ ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!» አሉኝ።

እማማ ክፉ አላሰቡም። ደስታቸውን ከእኔ ጋር ሊካፈሉ ነው የመጡት። እኔም «ክብር ለጌታ ይሁን» አልኳቸው። ቤቴ ስገባ ግን በልቤ የነበረው «ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ምን ስሰጥዎ ኖርኩ?» የሚል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ያዝኩ። እርሱ ሲጸልይ ስንት «አሜን» ተባለ? እኔ ስሰብክስ? የማንን ስብከት ቅጂ ጠየቁ? የአገልግሎት ተራ የማወጣው እኔ ነኝና ለአራት ወራት ስሙን ከዝርዝሩ አወጣሁት። ሽማግሌዎች ሲጠይቁኝ «ገና ነው፤ ይብሰል፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አልኩ። ሳቁና አለፉት። እኔ ግን እውነቱን አውቀዋለሁ፤ ያን እሁድ ልጅ ያቦካው ጉባኤውን ሁሉ አጥግቦ ነበር። ተርቤ የወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ማታ ባለቤቴ ራት እያቀረበች «ያ ልጅ ታመመ እንዴ? መድረክ ላይ ካየሁት ቆየሁ» አለችኝ። «እየተዘጋጀ ነው» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ሳኦል ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። የወደቀው በአለመታዘዙ መሆኑን፣ ቅናቱም እንዴት ወደ ጦር ውርወራ እንዳደረሰው በሚገባ አብራርቼ ነበር። ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነው፤ በ1ኛ ሳሙኤል 18 ላይ ሳኦል የተቆጣው በቁጥር ነው። ለእርሱ ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ሲባል ሰማ። ጎልያድ ወድቋል፤ እስራኤል ድኗል፤ የዚያ መንግሥት ንጉሥም ሳኦል ራሱ ነው። ድሉ የእርሱም ድል ነበር። እርሱ ግን ድሉን ትቶ ውጤት ቆጠረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ወታደሩ ተጋጣሚው ሆነበት። በዚያው ምዕራፍ ዮናታን አለ። ዳዊት ቢነግሥ ከማንም በላይ የሚያጣው እርሱ ነው፤ አልጋ ወራሹ ነውና። እርሱ ግን መጎናጸፊያውን አውልቆ ለዳዊት ሰጠው።

ልጄ ያን ጨዋታ አሳይቶኝ ሲያበቃ «መጨረሻውንም ልንገርህ» አለኝ። ሳምፕራስ በ2002 የአሜሪካን ኦፕን አሸንፎ ታላላቅ ዋንጫዎቹን 14 አደረሳቸው፤ በወንዶች ቴኒስ ያን ያህል የሰበሰበ አልነበረም። ይህን ክብረ ወሰን በ2009 የሰበረው ያው ፌደረር ነው፤ በዚያው በሴንተር ኮርት፣ አንዲ ሮዲክን በአምስተኛው ዙር 16 ለ 14 አሸንፎ። ያን ቀን ከተመልካቾቹ መካከል ሳምፕራስ ነበረ። ክብረ ወሰኑ ሲወሰድ ለማየት ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ ተቀምጦ አጨበጨበ።

ወገኖቼ፣ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚህ ሁለት ሰዎች በእውነት ተጋጣሚዎች ነበሩ። በቴኒስ ሁለቱ አብረው አያሸንፉም፤ አንዱ እንዲያገኝ ሌላው ማጣት አለበት። ያም ሆኖ ተሸናፊው መጥቶ አጨበጨበ። እኔና ወንድሜ ግን አንድ ወገን ነን። እርሱ ሲሰብክ የሚድነው ሰው ለእኔም ወንድም ነው፤ የሚጽናናው ልብ እኔ የምጸልይለት ልብ ነው። መረቡን በመካከላችን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ልጁን ቢሮ ጠራሁት። ስሙን ለምን እንዳወጣሁ ሳልሸፋፍን ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። አቀርቅሮ ቆየና «ፓስተር፣ አንድ ያጠፋሁት ነገር መስሎኝ ነበር። አራት ወር ሙሉ ጌታ ሆይ ምን በደልኩ እያልኩ ነበር» አለኝ። ይህን እስክሰማ ድረስ ኃጢአቴ የልቤ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቅናቴ ሌላውን ሰው በሌለበት በደል ንስሐ ሲያስገባው ከርሟል። አብረን አለቀስን። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎች ሄጄ ያቺን ተረት መለስኳት።

አሁን በየወሩ ይሰብካል። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብል እዋሻለሁ። አንዳንድ እሁድ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ስሰማው ያ አሮጌ ቆጣሪ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ያኔ አንድ ነገር አስባለሁ፤ ጌታ ኢየሱስ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ አብ በእርሱ ደስ መሰኘቱን የተናገረው ገና ምንም ሳይሰብክ፣ አንድም ሰው ሳይፈውስ ነበር (ማቴዎስ 3)። ፍቅሩ ከአገልግሎቱ ቀደመ። እኔም የተወደድኩት በክርስቶስ ነው፤ በተቆጠረልኝ «አሜን» አይደለም። ይህ በልቤ ሲገባ እጄ ለማጨብጨብ ነፃ ይሆናል።

ምናልባት የቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለህም፤ ግን በሥራ ቦታህ ትናንት ያሠለጠንከው ልጅ ዛሬ ቀድሞሃል። ወይም የታናሽ እህትሽ ኑሮ ከአንቺ ኑሮ በልጦ እንቅልፍ ነሥቶሻል። ቁጥር ሲቀንስ የማይቀንስ ፍቅር አለ። እርሱም በመስቀል ላይ ስለ እኛ ዝቅ ያለው ኢየሱስ ነው። ወደ እርሱ ኑ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እናድርግ። ስንቆጥርበት የነበረውን ሰው ስም ይዘን በጌታ ፊት እንንበርከክ፤ ስለ እርሱም እናመስግን። መጀመሪያ ላይ አፋችን እሺ አይልም። የእኔም አላለም ነበር።

አባት ሆይ፣ መረቡን ከመካከላችን አንሣልን። የወንድማችንን ድል የራሳችን ድል አድርገን እንድናይ ዓይናችንን ክፈትልን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።