ማዶ ሲሻገር የጠፋ ታማሚ

አናውቅም ነበር ብንል ባልቆጨኝ። እናውቅ ነበር እኮ! ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የቲቢ ሥርጭት ጥናቷን ስታጠናቅቅ ከ100,000 አዋቂ 558ቱ ቲቢ እንዳለበት፣ ከታማሚው ደግሞ 40 በመቶ ገደማው ሳይታወቅና ሳይታከም እንደሚቀር ታየ። ኢትዮጵያም የራሷን ጥናት ከዚያ ቀደም ብላ ሠርታለች። የቀረው 40 በመቶ የት ነው ያለው ብሎ ለጠየቀ፣ ሄሉ የፍለጋው መጀመሪያ ይሆን ነበር።

ሄሉ በድንበር ከተማዋ በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ቦረናውም ቡርጂውም ገሪውም ከወዲህም ከወዲያም ዘመድ አለው፤ ለለቅሶ ይሻገራል፣ ለሰርግ ይሻገራል፣ ለከብት ገበያ ይሻገራል። የቲቢ ኪኒን ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ሳይቋረጥ ነው የሚዋጠው። እንበል፣ አንድ ከብት ነጋዴ አክታው ሄሉ ተመርምሮ ሕክምና ጀመረ። በሁለት ወሩ ሳሉ ተወው፣ ሥጋ ለበሰ። ድርቁ ሲጠና ከብቱን ነድቶ ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ። የዝውውር ወረቀት ካልያዘ ሄሉ መዝገብ ላይ «ያቋረጠ» ተብሎ ይሰረዛል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያገረሽበት የቀድሞውን ካልተናገረ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ወደ ናይሮቢና ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ በጀቱም መድኃኒቱም የሚታቀደው በዚህ ቁጥር ነው። እስከዚያው እሱ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞ ቤተሰቡ መሃል ያስላል።

ዕድሉ በ2020 ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። በዲሴምበር ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሞያሌን የጋራ ድንበር ኬላ መረቁ፤ የሁለቱ አገር ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰነድ ሊያዩ። ለሲሚንቶ ጭነት ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ እዚያው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጋራ መዝገብና ማዶ የምትደውል አንዲት ነርስ መጨመር ምን ያህል ያስወጣን ነበር? ስብሰባ አልጠፋም፤ ሞያሌ ላይ ስብሰባ መቼ ጠፍቶ!

ዓለም የቲቢን ሞት ከ2015 እስከ 2025 በ75 በመቶ ሊቀንስ ቃል ገብቶ ነበር። እስከ 2024 የቀነሰው 29 በመቶ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ 1.23 ሚሊዮን ሰው፣ መድኃኒት ባለው በሽታ ሞቷል።